ግፊት ከጨው ብቻ አይመጣም፦ እርሳስ፣ ካድሚየምና የደም ሥሮቻችን

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ «ግፊትህ ከፍ ብሏል» የተባለ ሰው የሚሰማው ምክር ያው ነው። ጨው ቀንስ። ጮማ ተው። በእግርህ ሂድ። አትናደድ። ምክሩ ልክ ነው፣ አንዱንም አልነቅፍም። ግን የሚዘለል ጥያቄ አለ። ሥራህ ምንድን ነው? ባትሪ ታቀልጣለህ? አሮጌ ቀለም ትፍቃለህ? ሲጋራ ታጨሳለህ? ውሃ የምትቀዱት ከየት ነው?

ጥያቄው ከግፊት ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። በደንብ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ሳይንሳዊ መግለጫ እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሴኒክ የሚባሉት መርዛማ ንጥረ ነገሮች ሰውን ለልብና ለደም ሥር በሽታ እንደሚያጋልጡ በግልጽ ጽፏል። ማስረጃው ድንገት የመጣ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ነው። እኛ ጋ ግን ስለ እርሳስ፣ ብዙዎች ሊድ ስለሚሉት ብረት፣ ከተወራ የሚነሳው የሕፃናት አእምሮ ጉዳይ ነው። እሱም እውነት ነው፣ ከባድም ነው። በሞት ቁጥር ካየነው ግን እርሳስ አብዛኛውን ሰው የሚገድለው በደም ሥር በኩል ነው። የሚገድለውም አዋቂዎችን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው የሞተው በእርሳስ ምክንያት እንደሆነ ይገምታል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ግምት ደግሞ የ2019ን ብቻ ወደ 5.5 ሚሊዮን ያደርሰዋል። ልዩነቱ ከአቆጣጠሩ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ስሌት እርሳስ ግፊት ጨምሮ የሚገድለውን ብቻ ይቆጥራል። ሁለተኛው እርሳስ በሌላ መንገድ ደም ሥርን የሚጎዳውንም ይጨምራል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ለምን እንደሆነ ከታች ያለው ያስረዳል።

ከውስጥ በኩል ምን ይፈጠራል?

የደም ሥር ግድግዳ ሕይወት ያለው አካል ነው። ደሙ የሚነካው ውስጠኛው ክፍል በአንድ ሴል ውፍረት ብቻ የተነጠፈ ስስ ሽፋን አለው። ኢንዶቴልየም ይባላል። ከትልቁ የልብ ደም ቅዳ እስከ ጣት ጫፍ ድረስ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ስስ ይሁን እንጂ ሥራው ብዙ ነው። ምን ይለፍ ምን ይቅር ብሎ ይወስናል። ደም ያለቦታው እንዳይረጋ ይጠብቃል። ከሁሉም በላይ ናይትሪክ ኦክሳይድ የምትባል ጋዝ ያመርታል።

ይህች ጋዝ የምትኖረው ለሰከንዶች ያህል ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ከሽፋኑ ጀርባ ወዳለው ጡንቻ ትገባና «ላላ በል» ትለዋለች። ጡንቻው ይላላል፣ ደም ሥሩ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ደረጃ ስትወጡ፣ ከፒያሳ ወደ ላይ ዳገቱን ስትያያዙት፣ እግራችሁ ተጨማሪ ደም የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ይህን የደረሱበት ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

እንግዲህ እርሳስ ወይም ካድሚየም ደም ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ይህን ሽፋን ነው። ሴሉ ውስጥ ሲገባ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ፣ ያገኙትን ሁሉ የሚያበላሹ ቅንጣቶች ይበዛሉ። ሰውነት እነሱን የሚያበርድበት ግሉታታዮን የሚባል መከላከያ አለው። ብረቶቹ ግን ግሉታታዮኑ ውስጥ ካለው ሰልፈር ጋር ይጣበቁና መከላከያውን ራሱን ያመነምኑታል። ጉዳቱ ድርብ ነው። የሚያጠቃው በዛ፣ የሚከላከለው አነሰ።

የበዙት ቅንጣቶች ናይትሪክ ኦክሳይዷን ሥራዋን ሳትሠራ ይይዟታል፤ ወደ ሌላ ጎጂ ነገርም ይቀይሯታል። ጡንቻው «ላላ በል» የሚለውን መልእክት አያገኝም። ደም ሥሩ እንደጠበበ ይቆያል። ይኸው ግፊት መጣ። ጨው አልበላችሁ፣ አልተናደዳችሁ።

እርሳስ ሌላም ባሕርይ አለው። ሰውነታችን ከካልሲየም አይለየውም። የደም ሥር ጡንቻ የሚኮማተረው በካልሲየም ትእዛዝ ነው። እርሳስ የካልሲየምን ቦታ ሲይዝ ትእዛዙ ይዛባል፣ ጡንቻው ከሚገባው በላይ ይጨመደዳል። ካድሚየም ደግሞ የኢንዶቴልየም ሴሎች እርስ በርስ የተያያዙበትን መገጣጠሚያ ያላላል። ክፍተት ሲፈጠር መጥፎው ኮሌስትሮል ሾልኮ ከግድግዳው ሥር ይገባል። እዚያ ይበላሻል። የበሽታ ተከላካይ ሴሎች ሊያጸዱት ይመጣሉ፣ ጠጥተውት ያብጣሉ፣ እዚያው ይሞታሉ። ቦታው ይቆስላል፣ ይጠነክራል፣ ካልሲየም ይከመርበታል። ከዓመታት በኋላ ደም ቅዳው ይጠባል። አንድ ቀን ቁስሉ ሲፈነዳ ደም ይረጋበታል። ልብ ላይ ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ጭንቅላት ላይ ከሆነ ስትሮክ ነው። «ትናንት ደህና ነበር እኮ» የምንለው ሰው ደም ሥሩ ሃያ ዓመት ሲጎዳ የኖረ ሊሆን ይችላል።

ኩላሊትም አለ። እርሳስና ካድሚየም ኩላሊትን ቀስ ብለው ያደክማሉ። የደከመ ኩላሊት ጨውና ውሃ በልኩ ማስወጣት ያቅተዋል፣ ግፊት የሚጨምሩ ሆርሞኖችም ይዛባሉ። ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ኩላሊቱ ተመልሶ ይጎዳል።

ትንሽ ቁጥር ነው ብለን አንናቀው

ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተጠቃለው ሲታዩ፣ በደም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን በእጥፍ ሲጨምር የላይኛው የግፊት ቁጥር የሚጨምረው በአማካይ በ1 ገደማ ብቻ ነው። 130 የነበረው 131 እንደማለት። አንድ ሐኪም ይህን ሲያይ ምንም አይመስለውም።

ሁለት ነገር ግን አስቡ። አንደኛ፣ ይህች አንድ ቁጥር የምትጨመረው በአንድ ሰው ላይ አይደለም፤ በሺዎች ላይ ነው። ግፊቱ አፋፍ ላይ የነበረ ብዙ ሰው በእሷ ምክንያት ይሻገራል። ሁለተኛ፣ ከላይ እንዳልኩት እርሳስ በግፊት ብቻ አይሠራም። የግፊት መለኪያው የማያሳየው የሽፋን መቁሰል፣ የካልሲየም መከመር፣ የኩላሊት ድካም አለ። ለዚህ ነው ወደ ትልቁ ግምት ያደላሁት።

ሳይንስ እስካሁን «ከዚህ በታች ከሆነ እርሳስ አይጎዳም» የሚባል መጠን አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ከተገኘ ምንጩ ይፈለግና ይዘጋ ይላል። ይህ የማስጠንቀቂያ ቁጥር ነው። ከ5 በታች የሆነ ሰው ነፃ ነው ማለት አይደለም።

አጥንት እንደ ጎታ

ደም ውስጥ የገባ እርሳስ በአንድ ወር ገደማ ግማሹ ከደም ይወጣል። ይህን የሰማ ሰው «ተገላገልኩ» ሊል ይችላል። የወጣው ሁሉ ግን በሽንት አልሄደም። ካልሲየም መስሎ አጥንት ውስጥ ይገባል። አዋቂ ሰው ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላይ የሚገኘው አጥንት ውስጥ ነው። እዚያ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። አጥንታችን እህል በደህናው ጊዜ ገብቶ በክፉው ጊዜ እንደሚወጣበት ጎታ ነው፤ የሚወጣው ግን መርዝ ነው።

መቼ ነው የሚወጣው? ሰውነት ካልሲየም ከአጥንት ሲበደር። እርግዝና ላይ። ጡት ማጥባት ላይ። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ። በእርጅና አጥንት ሲሳሳ። ስለዚህ በልጅነቷ እርሳስ የገባባት ሴት በ25 ዓመቷ ስታረግዝ ያ እርሳስ ወደ ደሟ ይመለሳል፣ ወደ ጽንሱም ያልፋል። በ55 ዓመቷ ግፊቷ ሲነሳ ያኔ የት ነበርሽ ብሎ የሚጠይቃት አይኖርም።

ባትሪ ቤቱ

ወሎ ውስጥ የእርሳስ ነገር ሲነሳ ቀድሞ የሚታየኝ ባትሪ ቤት ነው። ባጃጁ በዛ። የቤት ሶላር ገጠር ድረስ ገባ። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የእርሳስ ባትሪ አላቸው። ባትሪው ሲሞት ቁራሌ ይወስደዋል ወይም ጠጋኝ ጋ ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ አንዱ ጋ ቆሜ ሥራውን አይቻለሁ። ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ናት። ልጁ የባትሪውን ክዳን በጋለ ቢላ ከፈተው። አሲዱን ደጅ ያለች ቦይ ውስጥ ደፋው። ከዚያ ግራጫ ሳህን የሚመስሉትን ክፍሎች በባዶ እጁ እየመዘዘ አወጣ። ተፈርፍረው ጉልበቱ ላይ፣ መሬቱ ላይ ረገፉ። የተረፈውን እርሳስ በአሮጌ የቲማቲም ጣሳ አድርጎ ከሰል ላይ ጣደው። እርሳስ የሚቀልጠው በ327 ዲግሪ ነው፣ ተራ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ሲቀልጥ ከላይ ቢጫ ወደ ግራጫ የሚያደላ አመድ ሠራ። ልጁ በማንኪያ ገፈፍ አድርጎ ግድግዳው ሥር ደፋው። ያ አመድ የእርሳስ ኦክሳይድ ነው፣ ሲደርቅ ነፋስ ያነሳዋል። ጎን ለጎን ሻይ ነበረው። በዚያው እጁ ዳቦ ቆርሶ በላ።

ስጋቴን ስነግረው ሳቀ። «አብሽር ወንድሜ፣ ወተት እንጠጣለን» አለኝ።

ይህን መልስ ከጋራዥም፣ ከቀለም ቀቢም ትሰሙታላችሁ። ወተት መርዝ ያወጣል ይባላል። እውነቱን ለይቼ ልንገራችሁ። ወተት ውስጥ ካልሲየም አለ፣ ካልሲየም በሆድ በኩል የሚገባውን እርሳስ በመጠኑ ይሻማል። እስከዚህ ልክ ነው። በአፍንጫ በኩል ሳንባ የገባውን ጢስና አቧራ ግን ወተት አያገኘውም። የገባውንም ጎትቶ አያወጣም። ወተቱን ጠጡ፣ ጥሩ ምግብ ነው፤ መከላከያ ነው ብላችሁ ግን እጃችሁን ሳትታጠቡ አትብሉ።

ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚከፋ ሴኔጋል አይታዋለች። ዳካር ጫፍ ላይ ባለ አንድ ሰፈር ሰዎች ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን ከአፈር ያበጥሩ ነበር። ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። እነዚያ የሞቱት ናቸው። ከዚያ ያነሰ መጠን የገባባቸው አዋቂዎች ደም ሥር ላይ የሚደርሰውን ማንም ቆሞ አይቆጥረውም።

ባትሪ ቤት የምትሠሩ ወይም ወንድም፣ ባል፣ ልጅ እዚያ ያላችሁ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። ማቅለጫው ከቤት ውጭ፣ ነፋሱ ከሰፈር በሚርቅበት በኩል ይሁን። አመዱ በክዳን ጣሳ ይጠራቀም። ቦታው ደረቅ ሆኖ አይጠረግ፣ ውሃ ይርከፈከፍበት። የሥራ ልብስ እዚያው ይቅር፣ ቤት ከመጣም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። እጅና ፊት በሳሙና ከታጠቡ በኋላ ብቻ ይበላ። ተራ የጨርቅ ማስክ የእርሳስን ጢስ አያቆምም፤ አቧራን ለማቆምም ደከም ያለ ነው።

እዚህ ላይ የጾም ነገር መነሳት አለበት፣ ወሎ ውስጥ ሁላችንም እንጾማለንና። በባዶ ሆድ የተዋጠ እርሳስ ከግማሽ በላዩ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ከምግብ ጋር የተዋጠው ግን በአዋቂ ሰው ከአሥር በመቶ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በረመዳንም በዐቢይ ጾምም ቀኑን ሙሉ አቧራ ውስጥ የሚውል ሠራተኛ ከሌላው ጊዜ የበለጠ ይጋለጣል። ጾሙን ተው ማለቴ አይደለም፣ ማንም ይህን አይልም። አፍን በውሃ መጉመጥመጥና እጅን በሳሙና መታጠብ ከመጀመሪያዋ ቴምር ወይም ጉርሻ በፊት ይቅደም። አሠሪዎችም ማቅለጡን በእነዚያ ሳምንታት ቢቀንሱት ምንኛ ጥሩ ነበር።

ቤት ውስጥ ያለው

ኩል እንመልከት። የእናቶቻችን ጌጥ ነው፣ ከባቲ ሰኞ ገበያ እስከ ደሴ ሱቆች ይገኛል። በብዙ አገሮች የተመረመሩ ኩሎች ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል፣ አንዳንዱ ላይ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ። ምክንያቱ ጋሌና የሚባለው ጥቁር አብረቅራቂ ድንጋይ ራሱ የእርሳስ ማዕድን መሆኑ ነው። ሁሉም ኩል እርሳስ አለበት ማለት አይደለም። ግን በዓይን አይለይም። ትልቅ ሰው ዓይን ላይ ከተቀባው ይልቅ የሚያሳስበኝ ለጨቅላ የሚቀባው ነው። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ ጣቱን ይጠባል። ለሕፃን ኩል አትቀቡ። እዚህ ላይ አላመነታም።

የቁራሌ አልሙኒየም ቀልጦ የሚሠራው ድስትም አለ። ካሜሩን ውስጥ በተመሳሳይ መንገድ የተሠሩ ድስቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ኮምጣጣ ፈሳሽ ሲፈላባቸው እርሳስ እንደሚለቁ አሳይቷል። የሞተርና የባትሪ ቁርጥራጭ አብሮ ስለሚቀልጥ ነው። እንዲህ ያለ ድስት ካላችሁ ቲማቲም የበዛበት ወጥ አታሳድሩበት። በባህላዊ መንገድ የሚሠራው ሸክላ ድስታችን የሚያብለጨልጭ የእርሳስ ቅብ ስለሌለው በዚህ በኩል ይሻላል።

እርድ ላይ አንድ የሚያጽናና ታሪክ አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች እርዱ ቢጫነቱ እንዲደምቅ የእርሳስ ክሮሜት ይቀቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ገበያ ላይ ከተመረመረው ናሙና 47 በመቶው ላይ ተገኘ። መንግሥት ቁጥጥሩን አጠበቀ፣ ነጋዴውም ተነገረው። በ2021 ዜሮ ሆነ። ሁለት ዓመት። እኛ ጋ ከዱቄቱ ይልቅ ሥሩን ገዝቶ ማስፈጨት ቀላል ጥንቃቄ ነው።

ቀለምን በተመለከተ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 ክፍል) እንዳይበልጥ ወስናለች። ጥሩ ደንብ ነው። ችግሩ ከደንቡ በፊት የተቀባው በርና መስኮት አሁንም በየቤቱ መኖሩ ነው። አሮጌ የዘይት ቀለም ደረቁን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ፣ እያረጠባችሁ ፋቁት፣ ልጆችን አርቁ።

ሲጋራ፣ ውሃና ዓሣ

የትምባሆ ተክል ካድሚየምን ከአፈር እየሳበ ቅጠሉ ላይ ያከማቻል። በሲጋራ በኩል ሳንባ የገባ ካድሚየም በሆድ ከሚገባው በብዙ እጥፍ የበለጠ ወደ ደም ያልፋል። አጫሽ ደም ውስጥ ያለው ካድሚየም ከማያጨስ ሰው ብዙ ጊዜ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይበልጣል። ኩላሊት ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጃል። ሲጋራ ደም ሥር እንደሚጎዳ ሁሉም ያውቃል፣ ጥፋቱን ግን ኒኮቲን ላይ ብቻ እንጥላለን። ጫት ቤት ውስጥ በር ዘግቶ አብሮ የሚቀመጠው የማያጨሰውም ድርሻው ይደርሰዋል። ደም ማነስ ያለባት ሴት ደግሞ ሰውነቷ ብረት (አይረን) ሲፈልግ ካድሚየምን አብሮ ይቀበላል።

አርሴኒክ በኬሚስትሪ ሚዛን ሙሉ ብረት ባይባልም ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። ደም ሥር ላይ የሚያደርሰውን ደቡብ ምዕራብ ታይዋን በእግሯ አይታዋለች። ሰዎቹ ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ይጠጡ ነበር። የእግራቸው ደም ቅዳ እየጠበበ ሄደ፣ ጣታቸው ጠቆረ፣ ብዙዎች እግራቸው ተቆረጠ። በሽታው «ጥቁር እግር» ተባለ። ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ሲገባ እየቀነሰ ጠፋ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። በአገራችን ስምጥ ሸለቆ አንዳንድ ጉድጓዶች ከዚህ በላይ ተለክቶባቸዋል። አርሴኒክ ቀለምም ጣዕምም ሽታም የለውም፣ ውሃ ማፍላትም አያጠፋውም። አዲስ ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር የባክቴሪያ ምርመራ ብቻ በቂ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ሌላው መርዛማ ብረት ሜርኩሪ ነው፣ እሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ከዓሣ የሚመጣው በዋናነት ሌላ ዓሣ እየበላ ከሚያድግ ትልቅ ዓሣ ነው። ሐይቅ ላይ የምንበላው ቆሮሶ እንዲህ ዓይነት አይደለም፣ በሰላም ብሉት። ይልቅ ፊት የሚያቀላ ክሬምና ሳሙና ተጠንቀቁ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው በተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ተይዘዋል። የተጻፈበት ነገር የሌለውን አትግዙ።

ስለ ቦርከና የሚጠይቁኝ አሉ። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ አካባቢ አልፈው ወደ ቦርከና የሚገቡ ትናንሽ ወንዞች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየም፣ ከብረት ማቀነባበሪያ ዚንክ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እውነቱን ለመናገር እነዚህ ሁለቱ ለደም ሥር ከእርሳስና ከካድሚየም ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። ዚንክማ በልኩ ሲሆን ሰውነት ይፈልገዋል። ግን ፍሳሽ ሳይጣራ የሚለቀቅ ከሆነ ነገ ምን እንደሚመጣበት አይታወቅም፣ በዚያ ውሃ የሚጠጣ ከብትና የሚለማ አትክልት አለ። ፋብሪካው ሥራ ፈጥሯል፣ እሰየው። ማጣሪያው ዓመቱን ሙሉ መሥራቱን መጠየቅ ፋብሪካ መጥላት አይደለም።

ይመለሳል ወይ?

አዎ፣ በከፊል። ቤንዚን ውስጥ እርሳስ መጨመር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2006 መባቻ አቆሙ፣ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021። አሜሪካ ውስጥ በሰው ደም ያለው እርሳስ ከ1970ዎቹ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ወርዷል። በዚያ አገር ከ1988 እስከ 2004 በልብና ደም ሥር በሽታ የሚሞተው ሰው ሲቀንስ፣ ከቅናሹ ሲሶ ገደማውን የእርሳስና የካድሚየም መቀነስ እንደሚያስረዳው ተመራማሪዎች አስልተዋል። ይህ ያለ አንዲት ኪኒን የተገኘ ነው።

ምግብም ያግዛል። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ሆድ እርሳስና ካድሚየምን አብዝቶ ይቀበላል። ጤፍ ሁለቱም አለው። ጎመን፣ ወተት፣ ምስር፣ ሎሚ አብሮ ቢሆን ጥሩ ነው። ልጆች ሳይበሉ ከቤት አይውጡ።

ምርመራው የደም ናሙና ነው፣ በየጤና ጣቢያው ግን አታገኙትም። ባትሪ ቤት ወይም ማቅለጫ ለዓመታት የሠራ ሰው ሐኪሙን ቀድሞ ይንገረው። ሐኪሙ ግፊቱን ለክቶ፣ ሽንትና ኩላሊት አይቶ ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ መላክ እንዳለበት ይወስናል። ግፊቱ ከፍ ካለ የታዘዘለትን የግፊት መድኃኒት አያቋርጥ። ምክንያቱ እርሳስም ሆነ ጨው፣ መድኃኒቱ ስትሮክን ይከላከላል።

«ሰውነት ያጥባል» እየተባለ የሚሸጠውን ግን ተዉት። እርሳስን ይዞ የሚያወጣ እውነተኛ ሕክምና አለ፣ ኪሌሽን ይባላል፣ በከባዱ ለተመረዘ ሰው ሕይወት ያድናል። ልብ ታማሚዎች ላይም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሙከራ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። የስኳር ሕመም ባለባቸውና አንድ ጊዜ ድንገተኛ የልብ ሕመም በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ሲደገም ውጤቱ በ2024 ወጣ። ደማቸው ውስጥ ያለው እርሳስ በ61 በመቶ ወረደ፣ የልብ ሕመሙና ሞቱ ግን አልቀነሰም። ደም ሥሩ ከተጎዳ በኋላ እርሳሱን ማውጣት ብቻውን የተጎዳውን አልመለሰም። ከባትሪ ቤቱ ሳይወጣ ኪሌሽን የተሰጠው ሰው ደግሞ፣ አንድም ከአጥንቱ፣ አንድም ከሚተነፍሰው፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል።